ግድግዳም መልእክተኛም፦ የሕዋስ ሽፋን ሊፒዶችን መልእክተኛነት ለካደ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ሕዋስ ሽፋን የተጻፈ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ አነበብሁ። ጽሑፉ በጠራ አማርኛ የቀረበ፣ ለጀማሪ አንባቢ የሚመች፣ በብዙ ዝርዝሮቹም ትክክል የሆነ ነው፤ የደረሰበት ድምዳሜ ግን ትክክል አይደለም። የጸሐፊው አቋም ባጭሩ እንዲህ ነው፦ የሕዋስን ሽፋን የሚሠሩት ሊፒዶች፣ ማለትም ቅባት ነክ ሞለኪዩሎች፣ ሕዋሱን ከውጭው ዓለም የሚለዩ ግድግዳዎች ናቸው፤ መልእክት መቀበል፣ ማስተላለፍና መፈጸም የፕሮቲኖች ሥራ ነው፤ «መልእክት አስተላላፊ ሊፒድ» የሚለው አባባልም ፋሽን የወለደው ማጋነን ነው። ይህን አቋም ለመደገፍ ያነሷቸውን ነጥቦች እርሳቸው ባቀረቡበት ቅደም ተከተል እመልሳለሁ፤ አንዳንዶቹ ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋሉ፣ አንዳንዶቹን በጥቂት ዐረፍተ ነገር ማለፍ ይቻላል፣ በአንዱ ላይ ደግሞ ጸሐፊው ከሞላ ጎደል ትክክል ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን አንድ ሞለኪዩል መልእክት አስተላላፊ ለመባል ምን ማሟላት እንዳለበት መስማማት ይገባናል። ጸሐፊው ይህን መመዘኛ የትም አላስቀመጡም፤ በጽሑፉ ውስጥ የሚታየው ግራ መጋባትም በአብዛኛው ከዚህ የመነጨ ይመስለኛል። እኔ የምጠቀምበት መመዘኛ በዘርፉ የተለመደው ነው። ሕዋሱን አንድ ነገር ሲቀሰቅሰው የሞለኪዩሉ መጠን ወይም ቦታ በፍጥነት መለወጥ አለበት፤ ሞለኪዩሉን ከሌላው ለይቶ የሚያነብ ተቀባይ ሊኖር ይገባል፤ ሥራው ሲያበቃ የሚወገድበት መንገድ ሊኖር ይገባል፤ ተመራማሪ በእጁ ሲጨምረው ወይም ሲቀንሰው ደግሞ ውጤቱ አብሮ መምጣት ወይም አብሮ መጥፋት አለበት። በዚህ መመዘኛ ውስጥ «በሌላ ጊዜ ግድግዳ ሆኖ ማገልገል የለበትም» የሚል አንቀጽ የለም።

የመጀመሪያው ነጥብ ታሪካዊ ነው። ጸሐፊው እንደሚያስታውሱት፣ በ1925 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጎርተር እና ግሬንደል የተባሉ ሁለት የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ከቀይ የደም ሕዋሳት ያወጡትን ሊፒድ በውሃ ላይ ዘርግተው ሲለኩት፣ ስፋቱ የሕዋሳቱን ገጽ እጥፍ ያህል ሆኖ ስላገኙት ሽፋኑ ባለ ሁለት ንብርብር ነው ብለው ደመደሙ። (የሚገርመው፣ ሊፒዱን በአሴቶን ሲያወጡ ሁሉንም አላወጡትም ነበር፤ የሕዋሳቱንም የገጽ ስፋት አሳንሰው ገምተዋል፤ ሁለቱ ስሕተቶች ተጣፍተው ትክክለኛው መልስ ወጣላቸው።) በ1972 ደግሞ ሲንገር እና ኒኮልሰን ፕሮቲኖች በፈሳሽ የሊፒድ ንብርብር ውስጥ እንደሚንሳፈፉ የሚያሳየውን፣ ዛሬ በየመማሪያ መጽሐፉ የሚገኘውን ሞዴል አቀረቡ። ጸሐፊው ከዚህ ተነሥተው ሊፒዱ ባሕር፣ ፕሮቲኑ መርከብ ነው፤ ጭነት የሚያደርሰውም መርከቡ ነው ይላሉ። ምሳሌው ያማረ ነው። ነገር ግን ሁለቱም ሥራዎች የሚነግሩን ሞለኪዩሎቹ እንዴት እንደተደረደሩ ነው፤ ምን ምን እንደሚሠሩ ለመናገር የተጻፉ አይደሉም፣ ዝምታቸውም እንደ ክህደት ሊቆጠር አይገባም።

ከዚህም በላይ የጊዜው ቅደም ተከተል ራሱ ከጸሐፊው ጋር አይስማማም። የሲንገር እና የኒኮልሰን ሞዴል ከመውጣቱ 19 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1953፣ ማቤል ሆኪን እና ሎውል ሆኪን ከእርግብ ቆሽት በተቆረጡ ስስ ክፋዮች ላይ ያልተጠበቀ ነገር አይተው ነበር። ቆሽቱ ኢንዛይም እንዲያመነጭ አሴቲልኮሊን በተባለው የነርቭ መልእክተኛ ሲቀሰቅሱት፣ ለክትትል የጨመሩት ጨረር አመንጪ ፎስፈረስ ወደ ሽፋኑ ፎስፎሊፒዶች፣ ማለትም ፎስፌት ወደ ተሸከሙት ሊፒዶች፣ የሚገባበት መጠን በጉልህ ጨመረ። ግድግዳ ብቻ የሆነ ነገር፣ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ጡቡ ለምን ይቀየራል? ጥያቄው ወዲያው አልተመለሰም፤ ክስተቱ ለረጅም ጊዜ ኢንዛይም ከማመንጨቱ ሥራ ጋር የተያያዘ የሽፋን እድሳት ተደርጎ ሲታሰብ ቆየ፤ እንዲህ ያሰቡትንም አልፈርድባቸውም። በ1975 ሮበርት ሚቼል እስከዚያ የተከማቸውን መረጃ ሰብስበው፣ ኢኖሲቶል የተባለ ስኳር መሰል ቀለበት የተሸከሙት ሊፒዶች የሚፈርሱት በሕዋሱ ውስጥ የካልሲየምን መጠን ከፍ በሚያደርጉ ቀስቃሾች መሆኑን አመለከቱ፤ የሊፒዱ መፍረስም ወደ ካልሲየሙ የሚያደርስ እርምጃ ሳይሆን አይቀርም ሲሉ ተከራከሩ። በ1983 ሽትሬብ፣ ኧርቪን፣ ቤሪጅ እና ሹልዝ ሽፋናቸው በተበሳ የቆሽት ሕዋሳት ላይ አይፒ3 የተባለውን የሊፒዱን ስባሪ ሲጨምሩ፣ ካልሲየም ከሕዋሱ የውስጥ ማከማቻ ተለቀቀ። ከ30 ዓመት በኋላ መልሱ የተገኘው ጥያቄው በተነሣበት በዚያው የሰውነት ክፍል፣ በቆሽት ላይ፣ መሆኑ ሁልጊዜ ያስደስተኛል።

የዚህ መንገድ አካሄድ ዛሬ በሚገባ ይታወቃል። ሆርሞን ወይም ሌላ ቀስቃሽ ተቀባዩን ሲነካ፣ ፎስፎሊፔዝ ሲ የተባለው ኢንዛይም በሽፋኑ የውስጥ ንብርብር ያለውን ፒአይፒ2 የተባለ ሊፒድ ለሁለት ይሰነጥቀዋል። አንደኛው ስባሪ፣ አይፒ3፣ በውሃ ስለሚሟሟ ወደ ሕዋሱ ውስጥ ዘልቆ ካልሲየም ያስለቅቃል፤ ሁለተኛው፣ ዳይአሲልግሊሰሮል፣ በሽፋኑ ውስጥ ቀርቶ ፕሮቲን ካይኔዝ ሲ የተባለውን ኢንዛይም ወደዚያው ይጠራዋል፣ ያነቃዋልም።

ሁለተኛው ነጥብ የጽሑፉ ምሰሶ ነው። ጸሐፊው ይህን መንገድ ያውቁታል፤ ሆኖም ሰንጣቂው ፕሮቲን፣ አንባቢውም ፕሮቲን ስለሆነ፣ በመካከል ያለው ሊፒድ ጥሬ ዕቃ እንጂ መልእክት አይደለም ይላሉ። ይህን አነጋገር ከተቀበልን ሊፒዶችን ብቻ ሳይሆን ሌሎችንም ጠራርጎ ይወስዳል። ሆርሞን ሲመጣ በሕዋሱ ውስጥ የሚፈጠረውን ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለ ትንሽ ሞለኪዩል እንውሰድ፤ የሚሠራው ፕሮቲን ነው፣ የሚያነበው ፕሮቲን ነው፣ የሚያፈርሰውም ፕሮቲን ነው። ይህ ሁሉ እያለ ሞለኪዩሉን ያገኙት ኧርል ሰዘርላንድ ስለ ሆርሞኖች አሠራር ላደረጉት ግኝት በ1971 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል፤ ሳይክሊክ ኤኤምፒም እስከ ዛሬ የሁለተኛ ደረጃ መልእክተኞች ዋና ምሳሌ ሆኖ ይጠቀሳል። ካልሲየምም የሚገባውና የሚወጣው በፕሮቲን በር ነው፤ ጸሐፊው ግን ራሳቸው በጽሑፋቸው መግቢያ ላይ ካልሲየምን መልእክተኛ ብለውታል። ደብዳቤ የሚጽፈውም የሚያነበውም ሰው መሆኑ ደብዳቤውን ከደብዳቤነት አያወጣውም።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የሚገባቸውን ልስጥ። አይፒ3 ከሊፒድ ቢወለድም ራሱ ሊፒድ አይደለም፤ ስለዚህ ማስረጃው ሁሉ በአይፒ3 ላይ የቆመ ቢሆን ኖሮ፣ ሊፒዱ የመልእክት ማከማቻ ነው ከማለት አልፎ መሄድ ያስቸግር ነበር። ዳይአሲልግሊሰሮል ግን ከሽፋኑ ሳይወጣ የሚሠራ ሊፒድ ነው። ከክሮቶን ዘር ዘይት የሚገኙት ፎርቦል ኤስተሮች የቆዳ ዕጢ እንዲያድግ እንደሚያበረታቱ ከታወቀ ብዙ ዘመን ሆኖት ነበር፤ እንዴት እንደሆነ ግን ግልጽ አልነበረም። በ1982 የያሱቶሞ ኒሺዙካ ቡድን፣ እነዚህ ኬሚካሎች ዳይአሲልግሊሰሮልን ተመስለው ፕሮቲን ካይኔዝ ሲን በቀጥታ እንደሚያነቁት አሳየ። ፊርማ ተመስሎ ሊሠራ የሚችለው መጀመሪያውኑ የሚታወቅ ፊርማ ሲኖር ነው።

ከዚህም የጠነከረው መልስ የሚመጣው ሳይሰነጠቅ ከሚሠራው ፒአይፒ2 ነው። ኬሲኤንኪው የተባሉት የፖታሲየም በሮች የነርቭ ሕዋስ በትንሹ በትልቁ እንዳይቀሰቀስ የሚይዙ ናቸው፤ ሥራቸውን የሚሠሩት ግን ፒአይፒ2 እስከ ተያዘባቸው ድረስ ብቻ ነው። አሴቲልኮሊን ሙስካሪኒክ ተቀባዩን ሲቀሰቅስ ፒአይፒ2 ይሟጠጣል፣ በሮቹ ይዘጋሉ፣ የነርቭ ሕዋሱም በቀላሉ የሚነቃ ይሆናል። ታዲያ በሮቹን የዘጋቸው የሊፒዱ መጥፋት ነው ወይስ የስባሪዎቹ መፈጠር? በ2006 ተመራማሪዎች ይህን ለመለየት አንድ ብልሃት ተጠቀሙ፤ ፒአይፒ2ን ለሁለት ሳይሰነጥቅ አንድ ፎስፌቱን ብቻ የሚነጥቅ ኢንዛይም በኬሚካል ትእዛዝ በድንገት ወደ ሽፋኑ እንዲሄድ አደረጉ። አይፒ3 አልተፈጠረም፣ ዳይአሲልግሊሰሮልም አልተፈጠረም፣ የካልሲየም መጠን አልጨመረም፤ በሮቹ ግን ተዘጉ። ጥሬ ዕቃ የሚለው ስያሜ ይህን ውጤት ሊያስረዳ አይችልም፤ እዚህ ከሊፒዱ የተመረተና ሥራውን የሠራ ሌላ ነገር የለምና።

ሦስተኛው ነጥብ የመጠን ጉዳይ ነው። ፒአይፒ2 ከሕዋሱ የውጭ ሽፋን ፎስፎሊፒዶች 1 ከመቶ ያህል ብቻ ነው፣ በእርሱ ላይ አንድ ፎስፌት ሲጨመር የሚገኘው ፒአይፒ3 ደግሞ ከዚያም እጅግ ያነሰ ነው፤ ጸሐፊው ይህን ጠቅሰው እንዲህ ያለ ኢምንት ነገር ትልቅ ሥራ ሊሠራ አይችልም ይላሉ። ክርክሩ ውሃ አያነሳም። ካልሲየም ከሕዋስ ውጭ ከ1 እስከ 2 ሚሊሞላር ሲሆን ባረፈ ሕዋስ ውስጥ 100 ናኖሞላር ገደማ ነው፤ አሥር ሺህ እጥፍ ያህል ያነሰ ማለት ነው፤ ትንሽ ሲጨምር ሕዋሱ የሚሰማውም የወትሮው መጠን ዝቅተኛ ስለሆነ ነው። ብዛት ለግድግዳ ያስፈልጋል፤ ለመልእክት የሚያስፈልገው የመጠን ለውጥ ነው።

አራተኛው ነጥብ በጽሑፉ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የታሰበበት ነው። ሊፒዶች በሽፋኑ ላይ በነጻነት ስለሚንሸራሸሩ፣ አንድ ቦታ የተፈጠረ ሊፒድ ወዲያው በሕዋሱ ዙሪያ ይበተናል፤ ስለዚህ «እዚህ ነው» ብሎ ሊጠቁም አይችልም ይላል። መንሸራሸራቸው እውነት ነው። ስሌቱን ግን እንሥራው። ሊፒድ በሽፋን ላይ የሚሰራጭበት መጠን በግምት በሴኮንድ 1 ካሬ ማይክሮሜትር ነው፤ በዚህ መሠረት 10 ማይክሮሜትር ለመራቅ 25 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል፤ 1 ሴኮንድ ብቻ የሚኖር ሊፒድ ግን ከተፈጠረበት ቦታ የሚርቀው 2 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። የሚወስነው እንግዲህ ፍጥነቱ ብቻ ሳይሆን ዕድሜውም ነው፤ ዕድሜውን ደግሞ የሚያሳጥሩ ኢንዛይሞች አሉ።

ፒአይፒ3 ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ1988 የሉዊስ ካንትሊ ቡድን በኢኖሲቶል ቀለበት ሦስተኛው ቦታ ላይ ፎስፌት የሚጨምር ካይኔዝ መኖሩን አሳየ፤ ይህ ኢንዛይም ነው ፒአይፒ2ን ወደ ፒአይፒ3 የሚለውጠው። ኢንሱሊን ተቀባዩን ሲነካ ፒአይፒ3 በፍጥነት ይፈጠራል፣ ኤኬቲ የተባለው ፕሮቲን ፒአይፒ3ን ለይቶ በሚያውቅ ክፍሉ ተይዞ ወደ ሽፋኑ ይመጣል፣ እዚያም ይነቃል። በ1997 ፒቴን የተባለ ዕጢ ተከላካይ ጂን ተገኘ፤ በዓመቱ የሚያመርተው ፕሮቲን የሚነጥቀው በትክክል ይህንኑ ሦስተኛውን ፎስፌት ከሊፒዱ ላይ መሆኑ ታወቀ። ፕሮቲን ነክ ፎስፌት ነጣቂ ይሆናል ተብሎ የተጠበቀው ጂን፣ ዋነኛ ሥራው አንድን ሊፒድ ማጥፋት ሆኖ መገኘቱ በዚህ ክርክር ውስጥ ትልቅ ቦታ ሊሰጠው ይገባ ነበር፤ በጸሐፊው ጽሑፍ ግን ስሙም አልተነሣም።

ከዕድሜው ሌላ አድራሻም አለ። ከኢኖሲቶል ሊፒድ ፎስፌት በመጨመር የሚገኙት 7 ዓይነቶች በሕዋሱ ውስጥ እኩል አልተበተኑም፤ ፒአይ3ፒ በቅርብ በገቡ ከረጢቶች፣ ማለትም በኢንዶሶሞች፣ ላይ ይበዛል፣ ፒአይ4ፒ በጎልጂ፣ ፒአይፒ2 በውጭው ሽፋን። ኢኢኤ1 የተባለው ፕሮቲን ኢንዶሶም ላይ የሚያርፈው ፒአይ3ፒን እና ራብ5 የተባለውን ፕሮቲን አብሮ ሲያገኝ ነው፤ አንዱ ብቻውን አይበቃውም። እንዲህ ያለው በሁለት ምስክር የሚጸና አነባበብ ሊፒዱ በስሕተት ሌላ ቦታ ቢገኝ እንኳ የሚያስከትለውን ጥፋት ይቀንሳል። በዚህ ነጥብ ላይ በእኛ በኩልም የተጋነነ ነገር እንደ ነበር መሸሸግ አይገባም። ዲክቲዮስቴሊየም የተባለው ተንቀሳቃሽ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት ወደሚስበው ኬሚካል ሲሄድ ፒአይፒ3 በፊቱ፣ ፒቴን በጎኑና በኋላው መደርደራቸው ሲታይ፣ ብዙዎች የአቅጣጫው ምሥጢር ይኸው ነው ብለው ነበር። በ2007 ግን ፒአይፒ3ን የሚሠሩት ኢንዛይሞች በጂን ደረጃ የተወገዱለት ዝርያ አሁንም አቅጣጫውን ጠብቆ ሊሄድ እንደሚችል ታየ። መልእክቱ አለ፤ ብቸኛው መልእክት ግን አይደለም።

አምስተኛው ነጥብ ፎስፋቲዲልሰሪንን ይመለከታል። ጤናማ ሕዋስ ይህን ሊፒድ ከሞላ ጎደል በውስጠኛው ንብርብር ብቻ ይዞት ይኖራል፤ ሕዋሱ አፖፕቶሲስ በሚባለው ሥርዓት ባለው ሞት ሲሞት ሊፒዱ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ማክሮፋጆች የተባሉ ዋጭ የመከላከያ ሕዋሳትም ይውጡታል። ጸሐፊው የፈረሰ ቤት ውስጡ ቢታይ ማንንም ጠርቷል አይባልም፤ የሊፒዱ መታየት የሞቱ ውጤት እንጂ ጥሪ አይደለም ይላሉ። ጥሩ ጥርጣሬ ነው፣ መልስም አለው። ሊፒዱ በውስጥ የሚቆየው ፍሊፔዝ የተባሉ ኢንዛይሞች ኃይል እያወጡ ያለማቋረጥ ወደ ውስጥ ስለሚመልሱት ነው። ሞቱ ሲጀመር የሞቱ አስፈጻሚ የሆኑት ካስፔዞች ሁለት ነገር ይቆርጣሉ፦ ኤቲፒ11ሲ የተባለውን ፍሊፔዝ ቆርጠው ያሰናክሉታል፣ ኤክስኬአር8 የተባለውን ንብርብሮቹን የሚያቀላቅል ፕሮቲን ደግሞ ቆርጠው ያስነሡታል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሽፋኑ ገና ሳይቀደድ ነው፤ ስለዚህ ቤቱ አልፈረሰም፣ መጋረጃው በእጅ ነው የተገለጠው።

ወሳኙ ጥያቄ ግን ሞት ሳይኖር ሊፒዱ ብቻ ቢወጣ ምን ይሆናል የሚለው ነው። በ2014 የታተመ ሥራ ሲዲሲ50ኤ የተባለው ለፍሊፔዞች የሚያስፈልግ ፕሮቲን የተወገደላቸው ሕዋሳት ፎስፋቲዲልሰሪንን በውጭ እያሳዩ በሕይወት እንደሚኖሩ፣ ማክሮፋጆችም እነዚህን በሕይወት ያሉ ሕዋሳት እንደሚውጧቸው አሳይቷል። ለጸሐፊው ወገን የሚሆን ውጤትም መኖሩን መጥቀስ ተገቢ ነው፤ ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ቲኤምኢኤም16ኤፍ በተባለ ሌላ አቀላቃይ ፕሮቲን አማካይነት ሊፒዱን በውጭ እንዲያሳዩ የተደረጉ ሕያዋን ሕዋሳት አልተዋጡም ነበር። ስለዚህ ሊፒዱ በውጭ መታየቱ ሁልጊዜና በማናቸውም ሁኔታ ይበቃል ማለት አይቻልም፤ ፍሊፔዙ እየመለሰው ነው ወይስ አይደለም የሚለው ልዩነት የሚያመጣ ይመስላል። ይኸው ቲኤምኢኤም16ኤፍ ሲበላሽ ደግሞ ስኮት ሲንድረም የሚባል የመድማት ሕመም ይከተላል፤ ፕላትሌቶች፣ ማለትም ደም እንዲረጋ የሚረዱት የደም ክፍሎች፣ ሲቀሰቀሱ ፎስፋቲዲልሰሪንን ወደ ውጭ ማውጣት ስለማይችሉ፣ ደም የሚያረጉት ፕሮቲኖች የሚሰባሰቡበትን ገጽ ያጣሉ። እዚህ ላይ የሊፒዱ መውጣት ከሕዋስ መዋጥ ጋር አይገናኝም፤ አንዱ ሊፒድ እንደ አንባቢው የተለያየ ትርጉም አለው።

ስድስተኛው ነጥብ «ሊፒድ ራፍት» ስለሚባለው መላ ምት ነው፤ በዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ብዙ አልከራከርም። ሲሞንስ እና ኢኮኔን በ1997 ኮሌስትሮልና ስፊንጎሊፒድ የበዛባቸው ተንሳፋፊ ደሴቶች በሽፋኑ ላይ መልእክት አስተላላፊ ፕሮቲኖችን ያሰባስባሉ የሚለውን ሐሳብ ካቀረቡ ወዲህ፣ በቀዝቃዛ ሳሙና ነክ ኬሚካል ያልሟሟ ነገር ሁሉ ራፍት ተብሎ የተጻፈበት ዘመን ነበር። በሕያው ሕዋስ ውስጥ የደሴቶቹ መጠንና ዕድሜ አሁንም የሚያከራክር ነው። ነገር ግን እስካሁን ከጠቀስኋቸው ማስረጃዎች አንዱም በራፍት ላይ የተመሠረተ አይደለም፤ ራፍት ቢወድቅ ፒአይፒ3 አብሮት አይወድቅም።

የመጨረሻው ነጥብ ይህ ሁሉ በላቦራቶሪ የቀረ፣ ለሕመምተኛ የሚጠቅም መድኃኒት ያላፈራ ነው የሚል ነው። በ2010 በአሜሪካ ለመልቲፕል ስክለሮሲስ የተፈቀደው ፊንጎሊሞድ የሚሠራው ስፊንጎሲን-1-ፎስፌት በተባለው ሊፒድ ተቀባዮች ላይ ነው። ይህ ሊፒድ የሚገኘው ከሽፋን ስፊንጎሊፒዶች ነው፤ በደምና በሊምፍ ውስጥ መጠኑ ከፍ ያለ፣ በሕብረ ሕዋሳት ውስጥ ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ ሊምፎሳይቶች የተባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ይህን ልዩነት ተከትለው ከሊምፍ ዕጢዎች ይወጣሉ፤ መድኃኒቱ ተቀባዩን ከሊምፎሳይቶቹ ገጽ ስለሚያስወግድ ሕዋሳቱ መውጫውን ያጡታል። በ2019 ደግሞ ፒአይፒ3ን የሚሠራውን ካይኔዝ የሚያግደው አልፔሊሲብ፣ የዚሁ ኢንዛይም ጂን ለተለወጠባቸው የጡት ካንሰር ሕመምተኞች ተፈቅዷል።

አስፒሪንን ግን ጸሐፊው ራሳቸው አንሥተውታል፤ የሚያግደው ፕሮቲን ስለሆነ ለእርሳቸው አቋም ማስረጃ እንደሚሆን አድርገው ነው ያቀረቡት። ጆን ቬን በ1971 እንዳሳዩት፣ አስፒሪን የሚያግደው ከሽፋን ሊፒድ ከተነጠለ አራኪዶኒክ አሲድ ፕሮስታግላንዲን የተባለ ሊፒድ የሚመረትበትን መንገድ ነው፤ ቬን ከበርግስትረም እና ከሳሙኤልሰን ጋር በ1982 የኖቤል ሽልማት የተጋሩትም በዚህ ዘርፍ ሥራ ነው። የታገደው ኢንዛይም ፕሮቲን መሆኑ አያከራክርም። ትኩሳቱን የሚያመጣው ማን እንደሆነ ግን በሌላ ሙከራ ይታወቃል፦ ዓይነቱ ኢ የሆነ ፕሮስታግላንዲን በቀጥታ ወደ እንስሳ አንጎል ሲሰጥ ትኩሳት ይነሣል፣ ያንን ትኩሳት ደግሞ አስፒሪን መሰል መድኃኒቶች አያበርዱትም፤ ኢንዛይሙ እንደ ታገደ ነው፣ ሊፒዱ ግን ከኢንዛይሙ በታች ባለው ደረጃ በሌላ እጅ ገብቷል።